አጎቴ ያዩት መቺ

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ካልጋሪ፣ ማርቲንዴል ሰፈር ቤት ከገዛን ወዲህ አጎቴ ከሺፍት መልስ ደጃፉ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ከካናዳዊው ጎረቤታችን ጋር ስለ ቤዝቦል ይከራከሩ ነበር። የማስተረጉመው እኔ ነኝ፤ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ።

ጎረቤታችን የድሮ ተጫዋቾች ውጤትና በየትኛው እጃቸው እንደሚመቱ የሰፈረበትን ወፍራም መጽሐፍ ይዞ ይመጣና ሰው የረሳቸውን ጎበዝ ኳስ መቺዎች አንድ በአንድ ያነሳል። አጎቴ በወጣትነታቸው አስመራ፣ የአሜሪካኖች ካምፕ ውስጥ ሠርተዋል። መልሳቸው ሁሌም አንድ ነው።

"እዚያ አንድ ምግብ አብሳይ ወታደር ነበር። እሱ የመታትን ኳስ ከአጥር ውጭ ነበር የምንለቅመው። የሚስተካከለው የለም።"

"ታዲያ መጽሐፉ ላይ ለምን የለም?" ይላል ጎረቤታችን።

"ስላልጻፉት አልመታም ማለት ነው?"

"ጋሼ፣ ስሙስ?" እላቸዋለሁ።

"ሲመታ አየሁት እንጂ ስሙን መች ጠየቅኩት!"

ባለፈው ሳምንት ቀበርናቸው። ጎረቤታችን ለቅሶ ሊደርስ ሲመጣ መጽሐፉን ይዞ ነበር። የመጨረሻውን ገጽ ገልጦ አሳየኝ። "የአስመራው ምግብ አብሳይ" ብሎ በእርሳስ ከጻፈ ቆይቷል።

"በግራው ነበር ወይስ በቀኙ የሚመታው?" አለኝ።

ያን ሁሉ ዓመት ሳስተረጉም ይህን አልጠየቅኳቸውም። ሳላስበው ወደ ደረጃው ዞርኩ፤ ልጠይቃቸው።