ሁለቴ የደረሰው አንድ መልእክት

ዛሬ ሞጆ ላይ ለአንድ ኮንቴይነር ሁለት የጭነት መኪኖች ተሰልፈው አየሁ። ሁለተኛው ሾፌር ያለውን እዚህ አልጽፈውም።

መኪኖቹን ያዘዘችው የእህቴ ልጅ ሃዊ ናት፤ ትንሽ የትራንዚት ቢሮ አላት። ሰሞኑን ያው ኢሜይል ደጋግሞ ይገባባታል። የደንበኛዋ የትናንት ትዕዛዝ ዛሬ ጠዋት እንደገና ሲገባ አዲስ መስሏት ሌላ መኪና ላከች።

"ጋሼ፣ ሰርቨሩ አብዷል፣ ድረስልኝ" ብላ ከአዳማ ጠራችኝ። ጡረታ የወጣ ሰው የሚያርፍ ይመስላችኋል?

ሰርቨሩ አላበደም። ሃዊ ኢሜይሉ ገና ስክሪኑ ላይ ሲታይ፣ ዳታ እንዳያልቅባት ኢንተርኔቱን ትዘጋለች። ኮምፒውተሩ "ደርሶኛል" ብሎ ሳይመልስ መስመሩ ይቋረጣል። ሰርቨሩም ያልደረሰ መስሎት ሁሉንም እንደገና ይልካል። ቆጥቤያለሁ ስትል ዳታዋን ጨረሰችው!

"እስኪጨርስ ታገሺው" አልኳት። ሌላ መድኃኒት የለውም።

ይህን በሽታ ከድሮ አውቀዋለሁ። በደርግ ጊዜ ናዝሬት ቴሌግራም ተቀባይ ነበርኩ። መስመር ከተቋረጠ ላኪው ያንኑ ይደግመዋል። አንድ ቀን "ልጅዎ ቆስሏል" የሚል ቴሌግራም በእኔም በባልደረባዬም ፈረቃ ገባና ሁለቱም ለእናትየው ደረሱ።

ሴትየዋ ግንባር ላይ ሁለት ልጆች ነበሯት።

ሁለቱን ወረቀቶች ይዛ እያለቀሰች ቢሮ መጣች። አስተያየኋቸው፤ የተላኩበት ቁጥርና ሰዓት ያው ነው። "እናቴ፣ መልእክቱ አንድ ነው፤ ሁለቴ መጥቶ ነው። የቆሰለው አንዱ ብቻ ነው" አልኳት።

እዚያው ተንበርክካ "ተመስገን" አለች። ልጇ ቆስሎ ተመስገን ያለች እናት ያየሁት ያን ቀን ነው።

እናንተም እንዲህ ተደጋግሞ ያሳሳታችሁ መልእክት ካለ ጻፉልኝ። አንዴ ብቻ ላኩት፤ ደክሞኛል።