ፈቃድ የሚጠይቀው ኩርባ

ባለፈው ወደ ደምበጫ ስሄድ ሚኒባሱ ውስጥ ድሮ ቅኔ ካስተማሩኝ የኔታ አጠገብ ተቀመጥኩላችሁ።

«ምን ትሠራለህ?» አሉኝ።

«መልእክት የሚቆልፍ የስልክ መተግበሪያ ሠርቼ ነበር፣ የኔታ። መቆለፊያው ግን ኤሊፕቲክ ከርቭ የሚባል የኩርባ ሒሳብ ነው። የፈጠራ ባለቤትነት መብት አለበት ሲሉኝ ለሰው ሳልሰጥ አስቀመጥኩት። የሌላ ሰው ቅኔ የራሴ ነው ብዬ ብመጣ ያባርሩኝ አልነበር?»

«ባለቤቱን ጠየቅኸው?»

«ጽፌለት ነበር። የመብቱ ጊዜ ስላለፈ እንደፈለግህ ተጠቀምበት አለኝ።»

«መቼ?»

«ካቻምና።»

የኔታ ትክ ብለው አዩኝ።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

«እስቲ አሁን ለአንድ ወዳጅህ ላክና አሳየኝ።»

ስልኬን አውጥቼ «እንዴት ዋልክ?» ብዬ ላክሁ። ወዲያው የመልእክት ደወል ተሰማ፤ በራሴው ሌላኛው ኪስ ውስጥ ካለው ሁለተኛ ስልኬ።