የአጎቴ ክንድ ያለበት ፎቶ

«እሱን አይደለም የጠየቅኩህ» አሉ አጎቴ። «ሥዕሉን አንሳ ያልኩህ እኔው ነኝ። በሩን ማን ከፈተው?»

«ነፋስ ይሆናላ፣ ጋሼ።»

«ያንን በር በእኔ ዕድሜ ነፋስ ከፍቶት አያውቅም። ነው ወይስ አንተን ሲያይ በረታ?»

እናቴ ከጓዳ ሳቅ አመለጣት። ወዲያው ዋጠችው። «ወንድም ጋሼ፣ እስቲ መጀመሪያ እህል ቅመስ።»

«አልቀምስም።»

ዱላቸውን እንኳ አላስቀመጡም። አየር ጤና ፌርማታ ወርደው፣ ጋራዥ ለጋራዥ እየጠየቁ ነው ቤታችንን ያገኙት። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከሰበታ ወዲያ ያለች የአንዲት አሮጌ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ቁልፍ ያዥ፤ ቁልፉን ከአባታቸው ነው የተረከቡት።

እኔ ግጥም ከማንም አልተማርኩም። ስንኝ እምቢ ሲለኝ ቤት መቀመጥ አልችልም፤ ረዳቱ የትም ይጥራ፣ ያገኘሁት ታክሲ ውስጥ እገባለሁ። ባለፈው ወርም እንደዚያው «ሰበታ! ሰበታ!» ሲል ገባሁና አጎቴ ዘንድ ሄድኩ። ከግጥሜ ጋር የማወጣው ፎቶ እፈልግ ነበር።

ቤተ ክርስቲያኗ ክብ ናት። ቆርቆሮዋ ዝጎ የአፈሩን መልክ ይዟል። ውስጥ፣ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉት ሥዕሎች ከአቧራ በመጋረጃ ተሸፍነዋል። አጎቴ መጋረጃውን በረጅም ሸንበቆ ወደ ላይ ገፍተው ያዙልኝ። ፈረስ ላይ የተቀመጠ ቅዱስ ወጣ። ሰዓሊው ለፈረሱ የሰው ሽፋሽፍት ሠርቶለታል! እሱን ሳይ ሌላው ሁሉ ጠፋኝ። ግን ጨለማ ነበር፤ ስልኬ ጥቁር ጭጋግ ብቻ አሳየኝ።

ከሥዕሉ ጎን የመቅደሱ በር አለ። ቁልፍ የለውም፤ ከካህናት በቀር እጁን የሚያሳርፍበት የለምና። ከበሩ በስተጀርባ ታቦቱ አለ። አጎቴ ሽቅብ እያዩ ነበር፣ ክንዳቸው ይንቀጠቀጣል። በሩን በጣቴ ጫፍ ገፋ አደረግኩት። ከውስጥ፣ ከመስኮቱ ይሆናል፣ ብርሃን መጣ። ሽፋሽፍቱ ታየ። ፎቶውን አነሳሁና በሩን መለስኩት።

ፎቶውን ከግጥሜ ጋር በስልኬ ኢንተርኔት ላይ ለቀቅኩት። ሰው ወደደው፤ ግጥሙን ሳይሆን ፈረሱን። ከእኔ ዓይን የሚያመልጥ የለም እያልኩ የምመጻደቀው ሰውዬ ያላየሁትን፣ የአጎቴ መንደር ልጆች አዩት፦ በሥዕሉ ጠርዝ ላይ የተከፈተ በር፣ ከበሩ ውስጥ የቀይ ጨርቅ ጥግ። ከላይ ደግሞ የአጎቴ ክንድ፤ አንጓው ላይ ጥቁር ክር እንደታሰረ። መንደሩ ያንን ክንድ ያውቀዋል።

«ፎቶውን አጥፍቼዋለሁ እኮ» አልኩ።

«ከአንተ ስልክ ነው ያጠፋኸው። ከእነሱ ስልክ ታጠፋለህ?» ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ። «መቅደሱን ለካሜራ ከፈተ ብለውኛል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የሰው እጅ አልነካውም ብዬ በታቦቱ እምላለሁ። ካልማልኩ ቁልፉን አስረክባለሁ። አንደኛህን ንገረኝ። ነፋስ ነው?»

አዎ ብል ያበቃ ነበር። ቁልፉ ከእሳቸው ዘንድ ይቀራል፣ እናቴም ምሳ ታቀርባለች። እኚህ ሰው ግን በግ ሲሸጡ እንኳ የማይምሉ ናቸው። ሳያውቁ በሐሰት ሊምሉ ነው፤ የሚያውቀው እኔ ብቻ እሆናለሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ብርሃን አነሰኝና።»

ጓዳ ውስጥ ማማሰያው ቆመ።

«በእጅህ?»

«በእጄ።»

«በልተህ ነበር?»

ይህን አልጠበቅኩም። ሰው እህል ቀምሶ ከደጀ ሰላሙ እንኳ የማያልፍበት አገር ነው፤ ያን ጠዋት ሲያስገቡኝ ስላልጠየቁኝ እኔም ዝም ብዬ ነበር።

«ሰበታ ላይ... ሳምቡሳ።»

«ሳምቡሳ» አሉ፣ ቃሉን ያን ቀን ገና እንደሰሙት።

እናቴ እጇን እየጠረገች ወጣች። «ወንድም ጋሼ፣ ልጅ ነው፣ አላወቀም።»

«ልጅ ቢሆንማ ጥሩ ነበር። ጢም አውጥቷል።»

«አብሬዎት ልምጣ» አልኩ። «እኔው በአፌ ልንገራቸው።»

«ማን ብለው ይሰሙሃል? ያስገባሁህ እኔ፣ ክንዱም የእኔ።» ተነሱ። ሊቆጡኝ መስሎኝ ነበር፣ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ደግ አደረግህ። ልምል ነበር እኮ።»

ልሸኛቸው ስነሳ መዳፋቸውን ዘርግተው አስቀመጡኝ። እናቴ «ወንድም ጋሼ!» እያለች እስከ ደጃችን ተከተለቻቸው። ዞር አላሉም። የቆርቆሮውን በር ከውጭ ቀስ ብለው ሳቡት፣ ተዘጋ።