የአቹታን ሆድ በሙሽራው ቤት

አቹታን የታላቅ እህቴ የካርትያያኒ ባል ነው። እኔ ደግሞ የሴት ልጁ የሌካ አጎት ነኝና ስለ ሆዱ ለማውራት ከማንም በላይ መብት አለኝ። ኦታፓላም ከተማ በአውቶቡስ ትኬት ሲቆርጥ ዕድሜውን የጨረሰ፣ ጢሙን በየጠዋቱ የሚያበጥር፣ ነጭ ሽርጡ ላይ የዝንብ እግር የሚያህል ቆሻሻ የማይታይበት ኩሩ ሰው ነው። ሆዱ ግን የራሱ አይመስልም። ገና ምሳውን ሳይጨርስ ይነፋል፣ ከዚያ ያጉረመርማል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን እዚህ መጻፍ ነውር ነው። ሥራ ላይ በነበረ ጊዜ የአውቶቡሱ ሞተር ያን ሁሉ ጉድ ይሸፍንለት ነበር። ጡረታ ሲወጣ ነው ጉዱ የፈላው። ቤቱ ጸጥ ያለ ነው፤ ጎረቤትም ቅርብ ነው።

«ሱኩ፣ የሰማኸው ነገር አለ?» ይለኛል ጋዜጣውን ሳያወርድ።

«ኧረ ምንም አልሰማሁም ጋሼ።»

ድመቷ ግን ሰምታ ከወንበሩ ሥር ወጥታለች።

ያልሞከረው ነገር አልነበረም። እህቴ ከሙን እያፈላች አጠጣችው። ነጭ ሽንኩርት በወተት ቀቅላ አበላችው፤ ከሆዱ ይልቅ እኛ ተሠቃየን። አንዲት ዘመዳችን የጉሎ ዘይት እምብርቱ ላይ አፍስሶ በጀርባው እንዲተኛ አዘዘችው። እሱም እንዳለችው ተኝቶ ሳለ ፖስተኛው ሲጠራው ብድግ አለ፤ ዘይቱ ወለሉ ላይ ፈሰሰ፣ ያንሸራተተው ግን እኔን ነው። እስከ ዛሬ ወገቤን ባመመኝ ቁጥር ያቺን ሴትዮ አነሣታለሁ።

በመጨረሻ እህቴ እየጎተተች ሐኪም ኡኒታን ዘንድ ወሰደችው። ኡኒታን ከአባት ከአያቱ የወረሰውን የዕፅዋት ሕክምና የሚሠራ፣ ለማንም ፊት የማይሰጥ ሽማግሌ ነው። ምላሱን አየ፣ ትርታውን ያዘ፣ ሆዱን በጣቱ አንኳኳና ጆሮውን አስጠጋ።

«እሳቱ ጠፍቷል» አለ። «እዚህ ውስጥ ያለው ጭሱ ብቻ ነው።»

ደረቅ ዝንጅብል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ጢምዝ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ከሙን፣ የተራራ ጨው፤ ከነዚህ ላይ ደግሞ ሂንግ የሚባለውን ሽታው ግድግዳ የሚያልፍ ሙጫ በቅቤ ጠብሶ አንድ ላይ ወቀጠለት። «ከምሳህ የመጀመሪያ ጉርሻ ጋር፣ በነጠረ ቅቤ። አንዲት ቀን ከዘለልክ ከሀ ነው የምትጀምረው። ካሳቫ የለም። ደረቅ ዓሣ የለም። የሙዝ ጥብስ የለም። ሻይ የለም።»

«ሻይም?»

«ዋናው ጠላትህ ሻይ አይደል እንዴ!»

ሻይ የተከለከለ አቹታንን ያላየ ሰው ክፉ ሰው አየሁ አይበል። ከኔ ጋር ተኳረፈ፣ ከራዲዮኑ ጋር ተጣላ። ሆዱ ግን እውነትም ረገበ። ቀበቶው ወደ ውስጥ ገባ፣ ድመቷም ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ነገሩ እንዲህ መልክ በያዘበት ሰሞን ነው የሌካ ጋብቻ የመጣው። ሊያገባት የጠየቀው ፕራሞድ ጥሩ ልጅ ነው፤ እሷም ወድዳዋለች፤ ይህን ለኔ ብቻ ነው የነገረችኝ። የቀረው እኛ ወንዶቹ የሙሽራውን ቤት አይተን፣ ማዕዳቸውን ቀምሰን መምጣት ነው። ነገሩ የሚያልቀውም የሚፈርሰውም እዚያ ነው።

«በሽታ የሚባል ነገር እንዳታነሡ» አለች እህቴ ዱቄቱን በወረቀት ጠቅልላ ሽርጡ እጥፋት ውስጥ እየወሸቀች። «በዘር የሚሄድ ነው ብለው ልጄን ያስቀሩብኛል። ዱቄቱን ግን እንዳትዘል!»

«ታዲያ እንዴት አድርጌ ልብላው?» አላት።

«ይህን ያህል ዘመን ከተሳፋሪ ጋር የኖርክ ሰው አንዲት ጉርሻ መደበቅ ያቅትሃል?»

የሙሽራው አባት ሽሪዳራን ጡረተኛ መምህር ነው፤ በክብር ተቀበለን። በየፊታችን እንደ ሳህን የሙዝ ቅጠል ተዘረጋ፣ ሩዝ ተቆለለ፣ የማሾ ክክ ወጥ ፈሰሰበት፣ በላዩ ላይ የነጠረ ቅቤ ጠብ ተደረገ። አቹታን በሽሪዳራንና በኔ መካከል ተቀምጧል። ዓይኑ ወዲያና ወዲህ ሲል፣ እጁ ሽርጡ ውስጥ ሲገባ አየሁት። ልክ ወረቀቱን ቅጠሉ ጠርዝ ላይ ሲፈታ ሽሪዳራን «እንግዶቹን ሞቃቸው እኮ!» ብሎ የጣሪያውን ማራገቢያ አስከፈተ።

ዱቄቱ ብን አለ። ከፊሉ አቹታን ጢም ላይ፣ ከፊሉ የሽሪዳራን ሩዝ ላይ አረፈ፤ ሌላው ወረቀቱ ላይ ቀረ።

በኛ አገር የሌላ ሰው ምግብ ላይ ዱቄት ጣል ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ያውቀዋል። ልቡን አፍዝዘህ እንደ በሬ ልትነዳው ነው ማለት ነው።

«ማንም እንዳይጎርስ!» የሚል ጩኸት ከበሩ መጣ። የሽሪዳራን እናት ፓሩኩቲ አማ ናት፤ ጥርስ የላትም፣ ዓይን ግን አላት። «ልጄ ላይ አፍዝ አደንግዝ ነሰነሰበት! በዓይኔ በብረቱ አየሁት!»

«እማማ፣ እንዲያ አይደለም…» አለ አቹታን። ላቡ ጢሙ ላይ ያለውን ዱቄት አጠበው።

«ታዲያ ምንድን ነው? ተናገራ!»

ቢናገር በሽተኛ፣ ባይናገር ጠንቋይ ነው። ፕራሞድ ግድግዳውን ተደግፎ ገርጥቶ ቆሟል። የልጃችን ነገር እዚያው ቅጠል ላይ አለቀ አልኩ።

«የሆድ ነው» አለ አቹታን በመጨረሻ። «ሆዴን ይነፋኛል።»

«ሁሉም ሲያዝ እንዲህ ነው የሚለው። እውነት ከሆነ እስቲ ራስህ ብላው! በሙሉ!» አለች አሮጊቷ።

አቹታን የሽሪዳራንን ቅጠል ወደ ራሱ ሳበ። ዱቄት የነካውን ሩዝ ለቅሞ በላ። ወረቀቱ ላይ የቀረውንም ገለበጠው፤ የሳምንት ዱቄት ነበር። ዓይኑ እንባ ሞላ፣ ጆሮው ቀላ። ማራገቢያው ተዘጋ። ቤቱ ሁሉ ጸጥ ብሎ ይጠብቃል፤ ያ ሁሉ ዘመን እንዳይሰማ የደበቀውን ሆድ አሁን ሰው ተሰብስቦ እያዳመጠው ነው።

መጀመሪያ የሩቅ ነጎድጓድ መጣ። ቀጥሎ በዚያ አንገት ውስጥ ያልፋል ብዬ የማላስበው ግሳት። ከዚያ በኋላ ደግሞ፣ ሰውዬው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሌላው። ግቢው ውስጥ የታሰረችው ላም እምቧ አለች።

ፕራሞድ ነው መጀመሪያ የሳቀው። ከዚያ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሽሪዳራን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ሐኪሙ የት ነው የሚገኘው?» አለኝ።

ፓሩኩቲ አማ ግን አልሳቀችም። «በዘር ነው?» አለች። «ልጅቷም አለባት?»

«የለባትም እማማ» አለ አቹታን፤ አሁን ምንም የሚደብቀው አልቀረም። «እኔም የተወለድኩት ጤነኛ ሆኜ ነው። ለትምህርቷ ድርብ ፈረቃ እሠራ ነበር። በሁለቱ ጉዞ መካከል ሰዓት የለም፤ የአውቶቡሱ በር ላይ ቆሜ፣ ሳላላምጥ እየዋጥኩ ነው የኖርኩት። እሷ አንድም ቀን ቆማ አልበላችም።»

ይህን እኔ አላውቅም ነበር። እህቴም የምታውቅ አይመስለኝም። ስስቅበት የኖርኩትን ሆድ አሁን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

አሮጊቷ ማራገቢያውን እንዳትነኩ ብላ አስጠነቀቀች። አዲስ ቅጠል አስመጥታ በገዛ እጇ ዘረጋችለት፣ ሩዙን አደረገች፣ ቅቤውን ጠብ አደረገች። ከዚያ እንደ ምንም አጠገቡ ቁጭ አለች።

«ልጅቷ የኛ ናት» አለችው። «አንተ ግን ቀስ ብለህ አላምጥ። እስክትጨርስ ከዚህ አልነሣም።»