ደጅ የተቀመጠችው እናት

ሐርጌሳ ውስጥ የእኛ እሑድ ዓርብ ላይ ይውላል። ከተማው የሚያርፈው ዓርብ ስለሆነ ምእመኖቼ ከሥራ የሚፈቱት ያን ቀን ብቻ ነው። እሑድማ ሴቶቹ በሰው ቤት፣ ወንዶቹ ግንባታ ላይ ናቸው፤ እኔ ቄሳቸውም ግድግዳ ስለስን እውላለሁ። ዓርብ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ካሉት ሳምንታት በቀር ጾም ነው። ስለዚህ በእነዚህ ስድስት ዓመታት ከጸሎት በኋላ አብረን የቀመስነው ከሞላ ጎደል ሽሮና ምስር ብቻ ነው። አንዷ ምእመን እንዲያውም፣ "አባ፣ እርስዎን ሥጋ ሲበሉ አይቼ ስለማላውቅ መነኩሴ ይመስሉኛል" ብላኛለች። አገር ቤት ያለችው ባለቤቴ ይህን በስልክ ስነግራት ለረጅም ጊዜ ሳቀች።

የምንሰበሰበው ሼክ ኑር በሚባል ሰፈር፣ አንድ ግቢ ውስጥ ባለች የኪራይ ክፍል ነው። ታቦት ስለሌለን ቅዳሴ የለንም፤ ቁርባንም ክርስትና ማንሣትም የለም። ያለን ጸሎት፣ ጥቂት ትምህርትና የሳምንቱ ወሬ ነው። በሩን ዘግተን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንጸልያለን። ከበሮ አንመታም። እልልታ ሲመጣ ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ትከሻቸው ብቻ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ይህን ሳይ፣ "ይህም ቤተ ክርስቲያን ተብሎ" እያልኩ አማርር ነበር፤ ማማረር ይቀናኛል።

እያደር ግን ማማረሬ ወደ መደነቅ ተለወጠ። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ልብስ ሲያጥቡና ብሎኬት ሲሸከሙ የከረሙ ሰዎች፣ በአንዲት የዕረፍት ቀናቸው መተኛት ሲችሉ፣ ዳሚና 31 ሜይ ከሚባሉት ሰፈሮች በእግራቸው መጥተው ሁለት ሰዓት ይቆማሉ። እኔ ካህን ነኝ፣ ባልመጣ ያስጠይቀኛል። እነሱን ማንም አይጠይቃቸውም። አንዳንዴ የምጸልየውን ትቼ ፊታቸውን እያየሁ እቀራለሁ።

ከሁሉ ያስደነቀኝን ነገር ያየሁት ግን ከበራችን ውጭ ነው፤ ነገሩም የጀመረው በአንዲት ሕፃን ነው።

እናቷ በዚያው ግቢ የምትኖር፣ ሰው ቤት ልብስ የምታጥብ ምእመኔ ናት፤ አባቷ በርበራ የጉልበት ሥራ ላይ ነበር። ሕፃኗ የመጀመሪያ ልጃቸው ነች። ሴት ልጅ በተወለደች በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች፤ እናትየዋ ቀኑን በጣቷ ትቆጥር ነበር። ለእኛ ቅርብ የሆነው ቤተ ክርስቲያን ያለው ከድንበር ማዶ፣ ጅግጅጋ ነው። እሷ ደግሞ በእግሯ የመጣች ናት፤ ወረቀት የላትም። መሄዱ ባልከበዳት፣ መመለሱ ነው ጭንቁ። ወዲያ ቀርታ ባሏና ጎጆዋ ወዲህ ቢቀሩስ? የክርስትና እናት ለመሆን የተዘጋጀችው ምእመን ፓስፖርት ነበራት፣ ሕፃኗን ልውሰዳት ብላለች። ነገር ግን ሕፃኗ ጡጦ ሲሰጧት ትተፋለች፤ ከጡት በቀር አታውቅም። ደግሞስ ኬላ ላይ "የማን ልጅ ናት?" ቢሏት ምን ትመልሳለች? ሕፃኗም ብትሆን አንድም ወረቀት የላትም።

በሰባ ሁለተኛው ቀን እናትየዋ ሕፃኗን ታቅፋ መጣች። ሕፃኗ ታስላለች።

"ይፍቱኝ አባ" አለች።

"እግዚአብሔር ይፍታሽ።"

"ሳትጠመቅ ብትሞትብኝስ?"

"አትሞትም" አልኳት። ካህን የማያውቀውን እንደሚያውቅ ሆኖ ሲናገር ድምፁ እንዴት እንደሚወፍር እኔ አውቃለሁ።

በዚያው ግቢ የምትኖር ሶማሌ ጎረቤት አለችን። ድሬዳዋ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። በር ላይ ሻይ ትሸጣለች። በዚያን ጊዜ የአምስት ወር ወንድ ልጅ ነበራት። የድሬ ሰው "አንቱ" የሚባል ነገር አይመቸውም፤ እኔንም ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ "አንተ ቄስ" ነው የምትለኝ። ጢሜ ሸብቶ፣ ቆቤን ደፍቼ "አንተ" መባሉ መጀመሪያ ላይ ከንክኖኝ ነበር። ያን ቀን ልጇን በጎኗ አቅፋ ዘው ብላ ገባች። የተነጋገርነውን ሁሉ ሰምታለች፤ ግድግዳው ስስ ነው።

"አቦ፣ እኔ እወስዳታለሁ" አለች። "አጠባታለሁም። ኬላው ላይ ልጄ ናት ካልኩ ማን ይጠይቀኛል?"

ውሸት ላይ ግትር ነኝ። "በውሸት ያሻገርኳትን ልጅ መቅደስ አላቀርብም፤ አይሆንም" አልኩ። እናትየዋ ፊቷን በሕፃኗ ልብስ ውስጥ ደብቃ ማልቀስ ጀመረች። ጎረቤቷ ግን ቀና ብላ ዓይኔን አየችኝ።

"ውሸት የተከለከለው አንተ ዘንድ ብቻ ነው እንዴ?" አለችኝ። "ስንት ቀን ቀራችሁ?"

"ስምንት።"

"ይበቃል። በመጀመሪያ ባሌን ልጠይቅ።"

የምትጠይቀው ስለ መንገዱ መሰለኝ። ባሏ ፈቀደ። ከዚያ በኋላ ጠዋትና ማታ ወደ እናትየዋ ክፍል እየመጣች፣ በሻሿ ተሸፍና ሕፃኗን ታጠባ ጀመር። ልጇ በቅናት ይጮኻል፤ እሷ ግን ሕፃኗ ጠግባ በራሷ ጊዜ እስክትለቅ አትነሣም። ሲጀምሩ "ቢስሚላህ"፣ ሲጨርሱ "አልሐምዱሊላህ" ትላለች። አንድ ማታ ከሥራ ስመለስ በር ላይ ሆኜ ይህን ሰማሁ። ጡቷን እያስለመደቻት ነው ብዬ አለፍኩ። እሺ ያልኩት የእናትየዋን እንባ ስላልቻልኩ ነው እንጂ፣ ኬላው ከሐሳቤ አልወጣም። "ትዋሽ፤ ንስሐውን እኔ እገባለታለሁ" እያልኩ ራሴን አባብል ነበር።

በሰባ ዘጠነኛው ቀን ተነሣን። የክርስትና እናቷ፣ ጎረቤታችን፣ እኔና ሁለቱ ሕፃናት ነበርን። የድንበሩ ከተማ ወጃሌ ስንደርስ የኬላው ፖሊስ የጎረቤታችንን መታወቂያ ተቀብሎ ሕፃናቱን አየ። አንደኛው ወፍራም፣ አንደኛዋ ከሲታ፤ መንታ ናቸው እንዳይባል አይመሳሰሉም።

"ሁለቱም ያንቺ ናቸው?" ብሎ ጠየቀ። ይህን ያህል ሶማልኛ እሰማለሁ።

"የኔ ናቸው" አለች።

መሬት መሬት አየሁ። እሷ ግን አላቆመችም፣ በፍጥነት መናገር ቀጠለች። የእኔ ሶማልኛ ለሲሚንቶና ለሻይ የሚበቃ ነው። ከተናገረችው የያዝኩት ሁለት ቃል ነው፤ "ዓኖ" ወተት ነው፣ "ሻን" አምስት። የፖሊሱ ፊት ፈታ አለ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ መታወቂያዋን መለሰላትና እለፉ አለን።

ወዲያኛው መኪና ላይ ከተቀመጥን በኋላ፣ "ምን አልሽው?" አልኳት።

"እውነቱን ነዋ። እናቷ ጎረቤቴ ናት አልኩት። ይቺ ልጅ ግን ጡቴን ጠብታለች፤ አምስት ጊዜ ጠግባ ከጠባች በእኛ ሃይማኖት ልጄ ናት። የልጄ እህት ናት፤ አድገው እንጋባ ቢሉ እንኳ አይችሉም። እሱም ሙስሊም ነው፣ ገባው።" ሕፃኗን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረቻት። "ስምንት ቀን ያጠባኋት ለምን መሰለህ? ወላሂ፣ አንተ ብቻ ነህ ውሸት የምትፈራው?"

"ባልሽንስ ለምን ጠየቅሽ?"

"አቦ፣ ወተቱ የሱም ነው። አባቷ ይሆናል። ሳልጠይቀው አባት ላድርገው?"

ጅግጅጋ እስክንደርስ ይህንኑ ሳሰላስል ነበር። የጡት ልጅ የሚባል ነገር እኔም አገር አለ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ያደግኩት ነው። አንዲት ሴት ግን በኬላ ላይ አንዲት ቃል እንዳትዋሽ ብላ የሰውን ልጅ ለዘለዓለም ልጇ ስታደርግ አይቼ አላውቅም። እኔ የውሸቷን ንስሐ ሳዘጋጅ፣ እሷ ውሸቱን ከሥሩ ነቅላ ጥላው ነበር። አፈርኩ፤ ደስም አለኝ፤ የቱ እንደሚበልጥ አላውቅም።

በማግሥቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ቤተ ክርስቲያኑ ደረስን። ሕፃኗ እስክትቆርብ ድረስ አትጠባም። ይህን ስነግራት ጎረቤታችን "እሺ" ብላ ልጇን ይዛ ከበሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እኛ ገባን። ሕፃኗ ከመጠመቋ በፊትም በኋላም አለቀሰች፤ የረኃብ ለቅሶ ነው፣ ያስታውቃል። ቅዳሴው ገና መሃሉ ላይ ሳለ አላስችል ብሎኝ ወጣ አልኩ። ጎረቤታችን ድንጋዩ ላይ አልነበረችም። በአጥሩ ጥግ ወዲያ ወዲህ ትላለች። የሕፃኗ ድምፅ ወጥቶ ስለሚሰማት ወተቷ ፈስሶ፣ ልብሷ በአንድ በኩል እስከ ወገቧ ርሷል። ልጇ በሌላው በኩል እየጠባ ነው።

"እስከ ስንት ሰዓት ነው የምታስርቧት?" አለችኝ።

"እስክትቆርብ። ብዙ አልቀረም።"

"እሺ። ይሄኛውን ጡት ለሷ አስቀምጫለሁ፤ እሱን አላስነካሁትም።"

ተመልሼ ገባሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ቅዳሴ እንዴት እንደቆምኩ አትጠይቁኝ፤ እግሬ መሬት መርገጡን ረስቼው ነበር።

ሕፃኗ ከቆረበችና ጥቂት ውኃ ከቀመሰች በኋላ የክርስትና እናቷ በነጭ ልብስ ጠቅልላ አወጣቻት። አንገቷ ላይ ማተቧ ታስሯል። ጎረቤታችን ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ተቀበለቻትና በሻሿ ሸፈነቻት። ለቅሶው ቆመ። ከቅዳሴ የሚወጣው ሕዝብ ይህን እያየ ዝም ብሎ ያልፋል። አንዲት የማናውቃቸው እናት ቆም አሉና ነጠላቸውን ዘርግተው ከፀሐይ ጋረዷት። ሕፃኗ ጠግባ እስክትለቅ ድረስ ክንዳቸውን አላወረዱም።

ስንመለስ ወጃሌ ሊቃረብ ሲል ማተቡን አየሁት። ፍርሃት ያዘኝ። ያ ፖሊስ የሙስሊም እናት ልጅ ብሎ ያሳለፋትን ሕፃን አሁን ክር ታስሮባት ሲያይ ምን ይላል? ስንት ዓርብ "ማተቡን የበጠሰ ሰው አይታመንም" ብዬ ያስተማርኩ ሰውዬ፣ እጄን ሰድጄ ቋጠሮውን መፍታት ጀመርኩ። "ለኬላው ብቻ ነው፤ ከዚያ መልሼ አስርላታለሁ" አልኩ።

ጎረቤታችን ሕፃኗን ከእጄ አሸሸቻት።

"ተወው" አለች። "ልጄ ናት አልኩ እንጂ ሙስሊም ናት አላልኩም።"

"ቢጠይቅስ?"

"ይጠይቃ።"

ያው ፖሊስ ነበር። ክሩን አይቶ በሁለት ጣቱ ያዘውና ጠየቃት። እሷም አጠር አድርጋ መለሰች፤ በኋላ እንደነገረችኝ፣ እናቷ ክርስቲያን እንደሆነች፣ ከቤተ ክርስቲያን እንደምንመለስ። ፖሊሱ እኔን አየኝ፣ ቆቤን አየ። ከዚያ ክሩን ራሱ ወደ ሕፃኗ ልብስ ውስጥ መለሰው፤ ነፋስ ነበርና አንገቷን በጨርቁ ሸፍኖ እለፉ አለ።

እናትየዋ ግቢው በር ላይ ቆማ ነበር፤ ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች ማንም አልነገረኝም። ልጇን ተቀብላ በመጀመሪያ የፈለገችው አንገቷን ነው። ማተቡን አገኘችው፣ ሳመችው። ከዚያ ጎረቤቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ ሁለቱ ሕፃናት መሃል ላይ ተጨፍልቀው ይጮኻሉ። እኔ መስቀሌን ይዤ ቆምኩ።

እጄ የሠራውን ለንስሐ አባቴ ነገርኩ። ስግደት አዘዙኝ፣ ፈጸምኩ። እሷንም ይቅርታ ጠየቅኳት።

"ፈርተህ ነው አቦ" አለችኝ። "እኔም ፈርቼ ነበር። እግሬ ሲንቀጠቀጥ አላየህም እንዴ?"

አላየሁም ነበር። ዓይኔ ክሩ ላይ ነበር።

ሕፃኗ አሁን ሁለት ዓመት አልፏታል፤ ትሮጣለች። ዓርብ ዓርብ ጎረቤታችን ወንበሯን አምጥታ ደጃችን ላይ ትቀመጣለች፤ ሻይ ፈልጎ የመጣውን "ጸሎት ላይ ናቸው፣ ቀስ በል" ትለዋለች። ልጅቷ ጸሎቱ ሲረዝምባት ማተቧን አንገቷ ላይ እንዳደረገች፣ በሰዎች እግር መሃል ሾልካ ወጥታ ጎረቤታችን ጭን ላይ ትወጣለች። ከወንድሟ ጋር ስትጣላ ደግሞ ተመልሳ ወደ እናቷ ትገባለች። እናቷ አትቆጣትም፤ እኔም ንባቤን አላቋርጥም። ድምፃችን አሁንም ዝቅ ያለ ነው። በሩን ግን፣ እሷ እንድትወጣና እንድትገባ ብለን፣ መዝጋት ትተናል።