እጄን ያወጣሁ ቀን

ልጅ እያለሁ በድሬ ገንደ ቆሬ፣ እኛ መንደር ውስጥ፣ ፍሪጅ ያለው ቤት የእኛ ብቻ ነበር። አባቴ የባቡር ጥገና በያጅ ነበር፤ አራት ዓመት ትርፍ ሰዓት ሠርቶ ከጅቡቲ አስመጣው። ማድ ቤት አላስገባውም። ሳሎን በሩ ፊት ለፊት አቆመው፣ እናቴም ዳንቴል አለበሰችው። ከሰዓት በኋላ የድሬ ሙቀት ሲበረታ የሰፈሩ ሴቶች ጣሳ ይዘው ይመጡ ነበር፤ እናቴ በረዶውን በዘነዘና እየሰበረች ለሁሉም ታድላለች። በሩ ሲከፈት የሚወጣው ቀዝቃዛ የማንጎ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ።

ሰባተኛ ክፍል ሆኜ የፖለቲካ ትምህርት መምህራችን መደቦችን ሰሌዳ ላይ ጻፈና፣ «ቤቱ ፍሪጅ ያለው እጁን ያውጣ» አለ። ሽልማት ያለ መስሎኝ ከወንበሬ ተነሥቼ አወጣሁ። «ንዑስ ከበርቴ» ከሚለው ሥር ስሜን ጻፈው። ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

የመምህሩ ዝርዝር ቀበሌው ዘንድ ደርሶ ኖሮ፣ እሑድ አባቴ በቀበሌው ስብሰባ ግለ ሂስ እንዲያደርግ ተጠራ። ብየዳ የበሳሳውን ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ተነሣ። ሊቀመንበሩ፣ ልጁ ሊሆን የሚችል ጎረምሳ፣ «ጓድ፣ ከላብ አደሩ ለምን ተለየህ?» አለው። ጎረቤታችን አዴ ሞሚና ከኋላ ጮኸች፤

«አቦ ተወው! ልጄ በትኩሳት ሲነድ ያበረደው የዚህ ሰውዬ በረዶ ነው። ወላሂ፣ እሱ ከበርቴ ከሆነ እኔንም ጻፈኝ!»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አባቴ ግን አልሳቀም። «ተሳስቻለሁ» አለ።

በማግስቱ ፍሪጁን ተሸክመው ወደ ቀበሌው ክበብ ወሰዱት። የሊቀመንበሩ ቢራ ሲቀዘቅዝበት በመስኮት አይቻለሁ። አባቴ ማን እንደነገራቸው አንድም ቀን አልጠየቀም። እኔ ግን ያንን ክፍል ዳግም አልረገጥኩም፤ የማውቀውን ሁሉ ብቻዬን አነበብኩት። በላቡ ያገኘ ሰው አንገቱን የሚደፋበት አገር እንደማያድግ ያስተማረኝ ግን ያ እሑድ ነው።

ዛሬ ልጄ በባለጸጎቹ ሰፈር፣ በከዚራ፣ ቤት ገዝቷል። በአዲስ መኪና ሲመጣ ሰፈሩ ይመርቀዋል፤ ማንም ስብሰባ አይጠራውም። ደስ ይለኛል፣ ንዴቴ ግን አልበረደም። አባቴ ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ሲኖር ደመወዙ ቢያድግም አንድ አዲስ ዕቃ ቤት አላስገባም፤ ሸሚዙን እያስጣፈ ለበሰ። እነዚያን ሰዎች ይቅር አላልኳቸውም። እጁን ያወጣው ልጅ እኔ መሆኔን ሳልነግረው ቀብሬዋለሁና፣ ራሴንም ይቅር አላልኩም።