የአብራሪ ማዳመጫ በትራክተር ላይ

በሰሊጥ እርሻ ትራክተር ስነዳ ከርሜ ጆሮዬ ሞተሩ ጠፍቶም ይጮህብኝ ጀመር። መተማ ዮሐንስ ሄጄ ከሱዳን ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴ አማከርሁ። ሁለት አሮጌ ማዳመጫዎች አወጣና፣ "የጠያራ አብራሪዎች ጩኸት የሚከላከሉበት ነው" አለኝ። ደጅ የቆመ ባጃጅ አስነስቶ አስሞከረኝ። በአንደኛው የሞተሩ ድምፅ ሲደክም የነጋዴው ንግግር ይሰማል። ሌላው ሁለቱንም ያጠፋል።

"የመጀመሪያውን ውሰድ፤ ሰው ቢጠራህ ትሰማለህ" አለኝ።

እኔን ያንገሸገሸኝ ቀኑን ሙሉ መጠራቱ ነበር። ሁለተኛውን ወሰድሁ። ለአቧራው ሻሽ ስለምጠመጥምበት ጆሮዬ ላይ መኖሩን ማንም አያይም።

አንድ ጠዋት የእርሻው ካቦ ሽማግሌ ሠራተኞች አስከትሎ ማሳው ድረስ መጣ። ሞተሩን ሳላጠፋ ቆምሁላቸው። ካቦው ቀና ብሎ አንድ ነገር ተናገረ። ናፍጣ ደረሰ ያለኝ መስሎኝ ራሴን ነቀነቅሁና ማረሴን ቀጠልሁ።

ዞሬ ስመለስ ሁሉም መሬት ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገዋል። መርዶ ይዞ ብቻውን የሚመጣ ሰው እንደሌለ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ወርጄ ሻሹንም ማዳመጫውንም አንድ ላይ አወለቅሁ። ካቦው የእናቴን ማረፍ እንደገና ነገረኝ። እንባ አልመጣልኝም። ከጎናቸው ተቀመጥሁ።

በዕድሜ የገፉት ሽማግሌ ትከሻዬን ያዙኝና፣ "ቅድም ስንነግርህ እንደበረታኸው አሁንም በርታ" አሉኝ።

አልሰማሁም ነበር አላልኋቸውም።